አንድ ለእናቱ አየር መንገድና የጋይንት መንገደኛ

የውጭ አገር መንገደኞች አንድ የሚያስቀና ልማድ አላቸው። በአገራቸው ሰማይ የሚመላለሱትን አየር መንገዶች በረድፍ ያሰልፉና ይኼኛው ወንበሩ ሰፊ ነው፣ ያኛው በሻንጣ ኪሎ አይጨቃጨቅም፣ ሦስተኛው ርካሽ ነው ግን ውሃ ሳይቀር ይሸጣል እያሉ ማርክ ይሰጣሉ። እኛም በዓመት አራት አምስት ጊዜ አገር ቤት የምንመላለስ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ነንና ለምን ይቅርብን ብለን ሠንጠረዥ አሰመርን። ወደ ታች «ዋጋ»፣ «ሰዓት ማክበር»፣ «መስተንግዶ» ብለን ጻፍን። ወደ ጎን የአየር መንገዶቹን ስም ልንደረድር ስንል «ኢትዮጵያ» አልንና ብዕራችን ቆመ። ጋዜጠኝነት ስንማር ማወዳደር ቢያንስ ሁለት ነገር ይፈልጋል ተብለናል። የኛው አየር መንገድ ግን አንድ ለእናቱ ነው።

«የለም፣ ሌሎችም አሉ» የሚል ተሟጋች እንደማይጠፋ እናውቃለን። ካፒቴን ሰለሞን ግዛው የመሠረቱት አቢሲኒያ የበረራ አገልግሎት አለ። የካፒቴን አበራ ለሚ ናሽናል ኤርዌይስ አለ። ከሚድሮክ ቤት የወጣ ትራንስ ኔሽን የሚባልም ሰምተናል። ነገር ግን የእነዚህ ዋና ሥራ ኮንትራት ነው። በሰፈር ቋንቋ ላዳ ኮንትራት እንደ መያዝ ማለት ነው፤ ቱሪስቱ፣ የእርዳታ ድርጅቱ፣ ባለሀብቱ ይከራያቸዋል እንጂ እኛ አንዲት ወንበር ቆርጠን ለፋሲካ ወደ ባሕር ዳር አንሄድባቸውም። ይህ ደግሞ የባለቤቶቹ ስንፍና አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ከ20 መንገደኛ በላይ በሚጭን አውሮፕላን የሚሰጠውን አገልግሎት ለመንግሥት ብቻ ከልሎት ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጣሪያውን ወደ 50 ወንበር አሳደገው። ሕጉ ከዚያ ወዲህም ተሻሽሏል። ከቦሌ ባሕር ዳር በየቀኑ ትኬት የሚሸጥ ሁለተኛ ስም ግን እስካሁን አላየንም።

ታዲያ የምናወዳድረው ነገር ጠፋ ማለት ነው? አልጠፋም። የጋይንት ሰው አውሮፕላንን ከአውሮፕላን ጋር አያወዳድርም፤ ከአውቶቡስ ጋር ነው የሚያወዳድረው።

አውቶቡሱን እናውቀዋለን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት አውቶቡስ ተራ በር ላይ ተኮልኩሎ፣ ፌስታልና ጆንያ ታቅፎ፣ በሩ ሲከፈት ሩጫ። ፍቼ ላይ ቁርስ፣ ከጎሃ ጽዮን በኋላ የዓባይ በረሃ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ሲያቃጥር ከኋላ ወንበር የእመቤታችን ስም ይጠራል። ከዚያ ደጀን፣ ከዚያ ጎጃም እያለ የማያልቅ ሜዳ። ታላላቆቻችን ባሕር ዳር ለመግባት መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ያድሩ ነበር። የእኛ ትውልድ ሰላም ባስና ስካይ ባስ ሲመጡ ኩኪስና ውሃ እየታደለው፣ ፊልም እያየ በአንድ ቀን መግባት ጀመረ። በነገራችን ላይ ከአንዱ ባስ ወንበራችን ሁለት ጊዜ ተሽጦ እስከ ደብረ ማርቆስ በርጩማ ላይ የሄድንበት ቀን አለ። የባሱን ስም አንናገርም፤ በርጩማው ግን ጥሩ በርጩማ ነበር።

አውሮፕላኑ ያንን ቀን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈረ ሰው የሚገርመው መስተንግዶው አይደለም፤ የዓባይ በረሃ ነው። ያ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንትውክበት የኖርነው ገደል ከመስኮቱ በታች እንደ ተቀደደ ቆዳ ተዘርግቶ ይታይና ሻይ ሳታነሱ ያልፋል። የአንዷ ጓደኛችን እናት፣ የእስቴ እናት ናቸው፣ ያንን አይተው «እንዲህ ቅርብ ከሆነ ምነው ሰው ሁሉ በዚህ አይሄድም?» አሉ። ልጃቸው የትኬቱን ዋጋ አልነገረቻቸውም። እስከ ዛሬም አልነገረቻቸውም።

ዋጋው ያው የምታውቁት ነው። ለዜጋና ለውጭ አገር ሰው አንድ አይደለም፤ ፈረንጁም ከአገሩ ሲመጣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከተሳፈረ የአገር ውስጡ ይቀነስለታል። እኛ መታወቂያችንን አሳይተን በዜጋ ዋጋ እንሄዳለን። የዜጋው ዋጋም ቢሆን የዜጋን ደመወዝ አይቶ የወጣ አይመስልም። የባሕር ዳር በረራ ላይ ዙሪያችሁን ብታዩ ለስብሰባ አበል የሚሄደው፣ ለሠርግ ከአሜሪካ የመጣው፣ የሚታከም ወላጅ ይዞ የሚመለሰው ነው የሚበዛው። እና ጥቁር የለበሰው።

ጥቁር ስለ ለበሰው ቆም ብለን እናውራ። ጋይንትና ስማዳ ሰው የሞተ ለት በስልክ «ሞተ» አይባልም። «አባትሽ ትንሽ አሟቸዋል፣ ብትመጪ ጥሩ ነው» ይባላል። የሚሰማውም ገብቶታል፤ የሚደውለውም እንደገባው ያውቃል። ከዚያ ሒሳብ ይጀመራል። አስከሬን ብዙ ጊዜ አያድርም፤ ቢያድርም ለማግስቱ ነው። ስልኩ ማታ ቢመጣና ለጠዋቱ በረራ ወንበር ቢገኝ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ ባሕር ዳር፣ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ እንደርሳለን። እስቴ ከሆነ ይቀናል፤ ከሐሙሲት ተገንጥሎ በአንበሳሜ በኩል መካነ ኢየሱስ እኩለ ቀን ላይ መግባት ይቻላል። ላይ ጋይንት ከሆነ ወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ክምር ድንጋይ፣ የጉናን ጥግ ይዞ ነፋስ መውጫ። ታች ጋይንት ከሆነ ወደ ዐርብ ገበያ ገና መውረድ አለ። ስማዳ ከሆነ ወገዳ ተደርሶም፣ ቀበሌው ወደ በሽሎ አፋፍ ከሆነ፣ በእግር የሚሄድ ይቀራል። አውሮፕላኑ የአንድ ሰዓቱን ሥራ ሠርቶ ሲጨርስ የስድስትና የሰባት ሰዓቱ የእኛ ነው።

ከመካከላችን የስማዳዋ እንዲህ ያለ ስልክ መጥቶላት ነበር። እሷ በአውሮፕላን ሄደች፤ ታናሽ ወንድሟ ገንዘቡ ለሁለት ስላልበቃ በአውቶቡስ ተነሣ። እሷ ስትደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር፤ አካፋ የያዙት ጎረምሶች ከፊት፣ አልቃሾቹ ከኋላ። ቀብሩ አመለጣት። ወንድሟ በማግስቱ ማታ ደረሰ። ሣልስቱን አብረው ተቀመጡ። አዲስ አበባ ስትመለስ አንዱ ጓደኛችን፣ የንግድ ተማሪ ስለሆነ ይመስለናል፣ «እና ያን ሁሉ ብር አውጥተሽ ካልደረስሽ ምን አተረፍሽ?» አላት። «እናቴ ያችን ሌሊት ብቻዋን አላደረችም» አለችው። እኛ ከዚያ በኋላ የአውሮፕላን ዋጋ ስናወራ ያችን አንዲት ሌሊት ሳናስብ አናወራም። ያችን ሌሊት መግዛት የሚችል ስንት የስማዳ ልጅ ነው? ወንድሟም እኮ የዚያው ቤት ልጅ ነው።

ሁለተኛው ማወዳደሪያችን አውሮፕላን ማረፊያው ነው። ሰው ሁሉ የደቡብ ጎንደር መውረጃ ባሕር ዳር ብቻ ይመስለዋል። የነፋስ መውጫ ሰው ግን ላሊበላም አለው። ቻይናዎች በደርግ ዘመን በሠሩት፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ቻይና መንገድ በሚለው የወረታ–ወልድያ መንገድ ወደ ምሥራቅ፣ ጨጨሆን ወጥቶ ጋሸና ሲደርስ ወደ ላሊበላ ይገነጠላል፤ በኪሎ ሜትር ቢቆጠር ከባሕር ዳሩ አይበልጥም። በላሊበላው በረራ ሲኬድ በግራ መስኮት መቀመጥ ነው፤ አየሩ የጠራ ለት በምዕራብ በኩል ጉና ከሩቅ ይታያል። የጋይንት ልጅ እዚያ መስኮት ላይ «ወራጅ አለ!» ማለት ያምረዋል። ችግሩ ግን ላሊበላ የቱሪስት መሥመር መሆኑ ነው። አውሮፕላኑ የሚጠብቀው አስጎብኚ እንጂ የነፋስ መውጫ ሚኒባስ አይደለም፤ ጋሸና ላይ መኪና እስኪሞላ የምትቀመጡት ሰዓት ከቦሌ የመጣችሁበትን ይበልጣል። ስለዚህ የእኛ ፍርድ፦ ሻንጣ ከሌለና የሚቀበል ሰው ካለ ላሊበላ፤ አለዚያ ባሕር ዳር። ጎንደርን ለሊቦ ከምከም ሰዎች ትተነዋል።

ሦስተኛው ማወዳደሪያ አየር መንገዱን ከራሱ ከድሮው ጋር ማስተያየት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ሲበር አውሮፕላኑ ከጦርነት የተረፈ ዓይነት ነበር። እነዚያ ዲሲ 3 የምንላቸው ፕሮፔለሮች አስፋልት አይጠይቁም፤ ሣር ላይ ያርፋሉ፣ አፈር ላይ ያርፋሉ፣ ከብቱን የሚያባርር እረኛ ካለ በቂ ነው። በኋላ ትዊን ኦተር መጣ፣ በኋላ ፎከር 50፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ የምንሳፈርበት ኪው 400። አውሮፕላኑ እየተሻለ በሄደ ቁጥር የሚያርፍበትን እየመረጠ ሄደ። ደብረ ታቦር በዓለም የአውሮፕላን ማረፊያዎች ዝርዝር ውስጥ ዲ ቢ ቲ የሚል የራሷ ሦስት ፊደል አላት። ሞጣም ኦ ቲ ኤ የሚል አላት። ፊደሉ አለ፣ መደበኛ በረራው የለም። ነፋስ መውጫ ፊደልም የላት፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ተሰቅላ በስሟ ነፋስ ብቻ ታስወጣለች።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጃችን ኬንያን ያመጣል። ኬንያ ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. በ2014 ጃምቦጄት የሚባል ርካሽ ልጅ ወለደ፤ ናይሮቢና ሞምባሳ መካከል ሌሎችም ይሻማሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ባቡርም አለ። ያስቀናል፣ አንክድም። ግን ደግሞ እናስተውል። ተፎካካሪ ቢመጣ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር ነው፤ ሰው ወዳለበት፣ ሆቴል ወዳለበት። ደብረ ታቦር ላይ የሚወርደው ስንት ሰው ነው ብሎ ካልኩሌተር ያወጣል እንጂ የስማዳዋን ሌሊት አይቆጥርም። ለትንንሽ ሜዳዎች ይቆም የነበረው ያ ብቸኛ አየር መንገድ የቆመው ስላዋጣው ብቻ አይመስለንም፤ መንግሥቱ ዳር አገሩን በሰማይ ማገናኘት ስለፈለገ ነው። ስለዚህ እኛ ከሁለተኛ አየር መንገድና ከደብረ ታቦር ሜዳ አንዱን ምረጡ ብንባል ሜዳውን እንመርጣለን። ሁለቱንም ከሰጣችሁን ደግሞ እሰየው።

የፍርሃት ነገር ይነሣል። እናቶቻችን አውሮፕላን ሲባል መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ እርግቦች ሞተር ውስጥ ገብተው የወደቀውን ያነሣሉ፤ ከ104 ሰው 35ቱ ሞተዋል። በዚያ በኩል የዓባይ በረሃ በየዓመቱ የሚበላውን አይቆጥሩም፤ መኪና ስለለመዱት።

የቅርቡ ዘመን ግን ፍርሃቱን ሁሉ አቀላቀለው። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ባሕር ዳርና ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ሮኬት ተተኮሰ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ራሷ ገባ፤ ላሊበላም ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል ውጊያው ሲቀሰቀስ በረራው ለቀናት ተቋርጦ ቆየ፣ ኢንተርኔቱም ጠፋ። በረራው ሲመለስ መንገዱ አብሮት አልተመለሰም፤ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። ያኔ ነው የትኬት ዋጋ ትርጉሙ የተለወጠው። ድሮ ገንዘብ ያለው በአውሮፕላን፣ የሌለው በአውቶቡስ ይሄድና ሁለቱም ይደርሱ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ገንዘብ የሌለው ጭራሽ ቀረ፤ ያለውም ባሕር ዳር ድረስ ብቻ ሄደ። ዘመድ ሞቶበት ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው እናውቃለን። ከአገሩ በመኪና አራት ሰዓት ርቆ።

ዛሬ ጉዞ ስናስብ የመጀመሪያው ስልክ ለትኬት ቢሮ አይደለም። ወረታ ላይ አንድ የሚኒባስ ሾፌር አለ፤ ሁላችንም ቁጥሩ አለን።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? መንገዱ እንዴት ነው?»

«እስከ ደብረ ታቦር እየተሠራ ነው። ከዚያ ወዲያ ማታ ደውሉልኝ፤ ከጋይንት የሚመጣ መኪና ካየሁ እነግራችኋለሁ።»

ማታ እንደውላለን። መኪና አይቶ ከሆነ ትኬት እንቆርጣለን።