ቪትዟ ስትተናነቅ ቀድሞ ኪስ አይፈታ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል ብዙ የተወራው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነበር። ነገሩ ግን መንገድ ላይ ያለችውን አሮጌ ቪትዝም ይመለከታል። ምትኳ እንደ ድሮው በቀላሉ ስለማይገኝ ያለችዋን ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኗል። ባለቤቷን የሚያራቁተው ደግሞ እርጅናዋ ብቻ ሳይሆን በግምት መጠገኗም ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በቪትዝ ሰው እያመላለሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድር አንድ ሹፌር የደረሰበት ይኸው ነው። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ደህና ናት። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጥ ግን ለአፍታ ትተናነቅና ዘግይታ ትወረወራለች። የመጀመሪያው ጋራዥ ካንዴላ ቀየረለት። ሁለተኛው «ፓምፕ ነው» አለው፤ ሱማሌ ተራ ሄዶ ገዛ። ሦስተኛው ኮምፒውተር ሰክቶ ፒ0171 የሚል ኮድ ሲያገኝ የኦክስጅን ሴንሰር አዘዘለት። ለልጆቹ ትምህርት ቤት የተቀመጠው ገንዘብ አለቀ፤ መተናነቁ ግን እንዳለ ነው።

ኮዱ የሚናገረው ሞተሩ ውስጥ አየር በዝቶ ነዳጅ ማነሱን ብቻ ነው። ምክንያቱን አይናገርም። ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ ፓምፕ ሁሉም ይህንኑ ኮድ ሊያመጡ ይችላሉ።

አራተኛው መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ጠየቀ። «ወንድሜ፣ ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ቆማ ነው ወይስ ስትጎትት?» ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በእጁ ዳሰሰ። ቱቦው በታች በኩል ተሰንጥቋል። ሞተሩ ጭነት ሲበዛበትና ሲወዛወዝ ስንጥቁ ይከፈታል።

ስለዚህ የማያስወጣው ይቅደም፤ ቱቦና የአየር ማጣሪያ ይታይ። ኮይል ከተጠረጠረ የሁለት ሲሊንደሮች ኮይል ይቀያየር፤ ጉድለቱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ተገኘ። ፓምፕ ከመግዛት በፊት የነዳጁ ግፊት በጌጅ ይለካ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ትንሽ ሞተር ዳገት ላይ ጉልበት ቢያንሰው አይገርምም። እየተቆራረጠ መተናነቅ ግን ብልሽት ነው።

ጥፋቱ የመካኒኩ ብቻ አይደለም። ባለመኪናው ለዕቃ ሺዎችን ቆጥሮ ይከፍላል፤ የምርመራ ሲባል ግን «አየህ እንጂ ምን ሠራህ?» ይላል። ማየት ካላስከፈለ መካኒኩን የሚያዋጣው መቀየር ነው። ለአራተኛው መካኒክ የአንድ ሰዓት ዋጋ ቀድሞ የተከፈለ ቢሆን ኖሮ ፓምፑም ሴንሰሩም ባልተገዙ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ጋራዥ የሚገባ ሰው ከዕቃው ዋጋ በፊት የምርመራውን ዋጋ ይነጋገር።