ጠባቂ ያለው እንጨት

ሰው በእጁ የሠራው ሥራ ሁሉ ጠባቂ ይፈልጋል። ሰው ያልኖረበት ቤት ይፈርሳል፤ እግር ያልረገጠው መንገድ ዳዋ ይለብሳል፤ ሳይገለጥ የኖረም መጽሐፍ ብል ይበላዋል። ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። በዓይኔ አይቼ የተረዳሁት ግን በሰሜን አውሮፓ ባለችው በኖርዌይ አገር፥ በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ የሚገኙትን የጥንት አብያተ ክርስቲያናት በጎበኘሁ ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የዚያ አገር የባሕር ዳርቻ የቀና አይደለም። ባሕሩ በተራሮች መካከል እንደ ክንድ ተዘርግቶ ወደ ምድሩ ውስጥ ይገባል። የአገሩ ሰዎች ይህን የባሕር ክንድ ፊዮርድ ይሉታል። ከሁሉ የሚረዝመው ሶግነ ፊዮርድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ተራራው ገደል ስለ ሆነ በቀድሞው ዘመን ሰው ከመንደር ወደ መንደር የሚሄደው በታንኳ ነበር። ሕፃን ለማስጠመቅም፥ ሬሳ ለመቅበርም በታንኳ ይጓዙ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከውኃው አጠገብ ተሠርተዋል።

ጉዞዬን የጀመርሁት በሰሜን በኩል ካለች ሴልያ ከምትባል ትንሽ ደሴት ነው። በጥንት ዘመን ሱኒቫ የምትባል የአየርላንድ ንጉሥ ልጅ ከጠላት ሸሽታ ወደዚህች ደሴት እንደ መጣች፥ በዋሻም ውስጥ ሳለች ድንጋይ ተንዶባት እንደ ሞተች በአፈ ታሪክ ይነገራል። እንደ ቅድስትም ስለ ተቆጠረች ብዙ ሰው ደሴቲቱን ይሳለም ነበር። በ1100 ዓ.ም. ገደማ መነኮሳት መጥተው በዚያ በድንጋይ ገዳም ሠሩ። ነገር ግን በ1305 ዓ.ም. እሳት አቃጠለው፤ ከዚያም በኋላ ዘመን ሲያልፍ ገዳሙ ባዶ ቀረ። እኔ በደረስሁ ጊዜ ግንቡ ብቻውን ቆሞ፥ ቅጥሩ ፈርሶ፥ በመካከሉም ሣር በቅሎ አገኘሁ። የድንጋዩን ውፍረት አይቼ፥ «ይህን የሚያህል ግንብ ከፈረሰ በዚህ አገር ከዚያ ዘመን የቀረ ምን ይገኛል?» ብዬ አሰብሁ።

ከዚያ ወደ ደቡብ ወርጄ ወደ ሶግነ ፊዮርድ ገባሁ። በአንደኛው የፊዮርዱ ቅርንጫፍ በጀልባ ተሻግሬ፥ ዳገት ወጥቼ፥ ኡርነስ ከሚባለው ቤተ ክርስቲያን ደረስሁ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከእንጨት የተሠራ ነው። የተሠራውም በ1130 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከሴልያ ገዳም ብዙ አያንስም። ድንጋዩ ፈርሶ ሳለ እንጨቱ ቆሟል። በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳና በር ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ይልቅ ያረጀ ነው። ከእርሱ በፊት ከነበረ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ የተተከለ ነውና። በላዩም አንድ አራት እግር ያለው አውሬ ከቀጫጭን እባቦች ጋር ተጠላልፎ ሲናከስ ተቀርጿል። ጠራቢው ማን እንደ ሆነ ስሙ አልተጻፈም፤ ሥራው ግን ይናገራል።

ቤተ ክርስቲያኑን የምታስጐበኝ አንዲት አሮጊት ነበረች። እኔም፥ «ይህ እንጨት ይህን ሁሉ ዘመን ሳይበሰብስ እንዴት ቆየ?» ብዬ ጠየቅኋት።

እርስዋም እንዲህ ብላ መለሰችልኝ፤ «ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፥ የፊተኞቹ ሰዎች ምሰሶውን በመሬት ውስጥ ይቀብሩት ነበርና እርጥበት በላው። የኋለኞቹ ከዚህ ተምረው በድንጋይ መሠረት ላይ አቆሙት። ሁለተኛ፥ የጥድ ሥር በዝግታ አንድደው ቅጥራን እያወጡ እንጨቱን ይቀቡታል፤ ስለዚህ ውኃ አይገባውም። ሦስተኛው ግን ቅጥራኑን የሚቀባው ሰው ነው። ቅጥራን አንድ ጊዜ ተቀብቶ የሚቀር አይደለም። አባት ቀብቶ ሲሞት ልጅ ይቀባል፤ አንድ ትውልድ ቢተወው ኖሮ ዛሬ እርስዎ የሚያዩት ነገር ባልኖረ ነበር።»

እጄን በጥቁሩ ግድግዳ ላይ ባሳርፍ የቅጥራኑ ሽታ ተከተለኝ። ኖኅም መርከቡን በቅጥራን መለቀለቁ ትዝ አለኝ። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1979 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

እንዲህ ያሉ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት በኖርዌይ በአንድ ዘመን ከ1,000 እንደማያንሱ ሊቃውንት ይገምታሉ። ዛሬ የቀሩት 28 ብቻ ናቸው። ከ1349 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቅ ቸነፈር አገሩን ስላጠፋው ብዙ መንደር ባዶ ሆነ፤ አብያተ ክርስቲያናቱም ያለ ሰው ቀሩ። በ1851 ዓ.ም. ደግሞ፥ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ከሕዝቡ ከ10 እጅ 3ቱን የሚይዝ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ። አሮጌዎቹ ጠባብና ጨለማ ስለ ነበሩ ብዙዎቹ ፈረሱ፤ እንጨታቸውም ተሸጠ። አፍራሾቹ ክፉዎች አልነበሩም። ለልጆቻቸው ሰፊና ብርሃን ያለው ቤተ ክርስቲያን ፈልገው ነው። ነገር ግን የሚጥሉት ነገር ሁለተኛ እንደማይገኝ አላሰቡም።

ቪክ በሚባል መንደር ያለው ሆፐርስታድ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ዙሪያውን የሚከብበው በረንዳ ጠፍቶ፥ ሕዝቡም አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠርቶ ትቶት ነበር። በዚያን ጊዜ ፔተር ብሊክስ የሚባል የሕንጻ ባለሙያ ስለ እርሱ ተከራከረ፤ ከ1885 እስከ 1891 ዓ.ም. ድረስም ደክሞ አደሰው። በዚያው መንደር ያለውን ሆቨ የሚባለውን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያንም በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ ጠገነው። በ1901 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ አጽሙ በዚያ በጠገነው ቤት ውስጥ ዐረፈ። ብሊክስ እነዚህን ቤቶች አልመሠረታቸውም፤ ያለ እርሱ ግን ዛሬ ባላየናቸው ነበር።

በመጨረሻ በርገን ወደምትባለው የወደብ ከተማ ደረስሁ። በከተማይቱ አጠገብ ፋንቶፍት የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። እርሱም በ1150 ዓ.ም. ገደማ በሶግነ ፊዮርድ አገር ተሠርቶ ነበር። ሊፈርስ በሆነ ጊዜ አንድ ሀብታም ነጋዴ ገዝቶ በ1883 ዓ.ም. ወደ በርገን አዛወረው። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. በሰኔ ወር ሰው ሆን ብሎ በለኮሰው እሳት ተቃጠለ። ከ800 ዓመት በላይ በብዙ እጅ ተጠብቆ የኖረው በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ሰዎቹ ግን አልቅሰው አልቀሩም። እንደ ቀድሞው አድርገው እንደ ገና ሠሩት፤ በ1997 ዓ.ም. ተፈጸመ። እኔም ባየሁት ጊዜ አማረኝ። በዚያ ያገኘሁት አንድ ሰው ግን፥ «እንጨቱን መለስነው፤ ዘመኑን ግን መመለስ አልቻልንም» አለኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ጥንካሬ በዕቃው ብቻ አይደለም፤ ጠባቂ ያጣ ድንጋይ ይፈርሳል፥ ጠባቂ ያለው እንጨት ግን ይቆማል። ደግሞም ለማጥፋት አንድ ሌሊት ይበቃል፤ ለማቆየት ግን የብዙ ሰው ዕድሜ ያስፈልጋል።

ዛሬ በእጃችሁ ያለውን ይህን መጽሐፍ ተመልከቱ። ከእናንተ በፊት ሌላ ልጅ ተምሮበት ይሆናል፤ ከእናንተም በኋላ ሌላ ልጅ ይማርበታል። ቅጠሉን በንጹሕ እጅ ግለጡ፤ የተቀደደውን ጠግኑ፤ ዝናብ እንዳይነካው ሸፍኑት። ትንሽ ነገር ነው አትበሉ። በኡርነስም አንድ ሰው በአንድ ቀን የቀባው ቅጥራን ትንሽ ነበር።