መኪና ደጅ ሲያድር፣ ካሜራ ሲጠብቅ

በከተማችን መኪና ኖሮት ግቢ የሌለው ሰው ብዙ ነው። ቅያሱ ጠቦ መኪና አያስገባም፣ ወይም ተከራይቶ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ቀድሞ የቆመ የአከራዩ መኪና አለ። እንዲህ ያለ ሰው ራሱ ቤት ውስጥ ቢተኛም ጆሮው ደጅ ነው የሚያድረው። ውሻ በጮኸ ቁጥር ይነቃል። ጠዋት ሲወጣም ከሰላምታ በፊት የሚያየው ስፖኪዮውን ነው። ካለ «ተመስገን» ይላል፤ ከሌለ የዚያ ቀን ፕሮግራም በሙሉ ይበላሻል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ደጅ የሚያድርን መኪና በካሜራ ስለመጠበቅ ነው። ጉዳዩ ለእኛ ቤት የቅንጦት አይደለም። አባቴ የሚያሽከረክራት ቪትዝ የቤታችን እንጀራ ናት። የእኔም የእህቴም የትምህርት ወጪ የሚወጣው ከእሷ ነው። ስፖኪዮ ያጣች መኪና ሥራ አትወጣም። ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃ ማፈላለግ፣ መከራከር፣ ማስገጠም ሲደመር አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይሄዳል።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ስፖኪዮ ተነቀለ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከፊት በር እስከ ኋላ በር በሚስማር የተሰመረ የሚመስል ጭረት ወጣባት። ስርቆቱ ቢያንስ ምክንያቱ ይገባል፤ ሰውዬው ሊሸጠው ነው። ጭረቱ ግን ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ «ማን ጠላን?» የሚል ጥያቄ ቤታችን ገባ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ሰው ይፈልጋል። ሰፈሩ ጣቱን የቀሰረው በመንገዱ ጥግ መኪና በሚያጥብ አንድ ልጅ ላይ ነበር። «እዚያው ውሎ እዚያው የሚያመሽ እሱ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል?» ተባለ። ማስረጃ የሚባል ነገር የለም፤ ግን አንድ ሁለት ደንበኞቹ መኪናቸውን ሌላ ቦታ ማሳጠብ ጀመሩ።

ካሜራ የሚለው ሐሳብ የመጣው ያኔ ነው። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ኤሌክትሪካል ትማር የለ እንዴ? እስቲ አንድ ነገር አድርግ!» አለኝ። የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ይህች ንግግር እንግዳ እንደማትሆንባችሁ አውቃለሁ። ቴሌቪዥን ሲበላሽም፣ ምጣድ ሲቃጠልም የምንጠራው እኛው ነን።

ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው ካሜራውን መኪናዋ ውስጥ፣ መስታወቱ ላይ መለጠፍ ነው። ሁለተኛው ከቤታችን ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። ከመኪናዋ ውስጥ ያለውን በመጀመሪያ በባትሪ እንመልከተው። መኪናዋ ቆማ የሚሠራ ካሜራ በ12 ቮልት 0.3 አምፒር ያህል ይጎትታል እንበል። በ12 ሰዓት ሌሊት ውስጥ 3.6 አምፒር-ሰዓት ይሆናል። ባትሪው 45 አምፒር-ሰዓት ከሆነ የወሰደው 8 በመቶ ብቻ ነው፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ይተካዋል። ነገር ግን መኪናዋ ለጥገና ወይም ለለቅሶ አንድ ሳምንት ብትቆም 0.3 በ24፣ እንደገና በ7 ሲባዛ 50.4 ይመጣል። ያ ማለት ባትሪው ከያዘው በላይ ነው። ለዚህም ነው እንዲህ ያለ ካሜራ በፊውዝ ሳጥኑ በኩል ሲገናኝ ቮልቴጁ ወደ 12 ሲወርድ ራሱን የሚቆርጥ ዕቃ አብሮት መገጠም ያለበት። የሞላ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12 ላይ ከደረሰ የቀረው ትንሽ ነው።

ሌላም ችግር አለው። በጨለማ እንዲያይ ተብሎ የሚበራው ኢንፍራሬድ መብራት ከውስጥ ሲሆን መስታወቱ ላይ ነጥሮ መልሶ ካሜራውን ያሳውረዋል። በዚያ ላይ መስታወት ላይ የተለጠፈ ካሜራ የሚያየው ወደ ፊት ነው። ስፖኪዮ የሚነቅል ሰው የሚመጣው በጎን ነው። ደግሞስ ካሜራው ራሱ የሚሰረቅ ዕቃ አይደለም ወይ? ስለዚህ ግድግዳውን መረጥን።

ግድግዳው ላይ የሚነሳው ጥያቄ ምስሉ ምን ያህል ያሳያል የሚለው ነው። ሻጮች «ፉል ኤች ዲ ነው» ብለው ይገላግሉሃል። 1920 ነጥብ ብቻውን ግን ምንም አይናገርም፤ ስንት ሜትር ላይ እንደተበተነ ነው ዋናው ነገር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አይ ኢ ሲ 62676-4 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲህ ከፋፍሎት ነበር፦ አንድ ነገር መኖሩን ለማወቅ በአንድ ሜትር 25 ነጥብ፣ ሁኔታውን ለመከታተል 62.5፣ የምታውቀውን ሰው ለመለየት 125፣ የማታውቀውን ሰው ማንነት ያለ ጥርጥር ለማረጋገጥ 250። በገንዘባችን ልክ ያገኘነው ካሜራ የእይታ ስፋቱ 100 ዲግሪ ነው። መኪናዋ የምታድረው ከግድግዳው 10 ሜትር ርቃ ነው። በዚያ ርቀት ካሜራው የሚሸፍነው 24 ሜትር ያህል ስለሆነ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 80 ነጥብ ነው። ማለትም ምን እንደተደረገ ያያል፤ ማን እንዳደረገው ግን በእርግጠኝነት አይናገርም። ይህን ገና ከመስቀላችን በፊት በወረቀት ሠርቼ ለአባቴ አሳየሁት። «ከምንም ይሻላል» አለኝ።

ከመሰቀሉ በፊት የተደረገ አንድ ሌላ ነገርም አለ። አባቴ ጎረቤቶችን እየዞረ አነጋገረ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ ቡና እያፈሉ ሰሙትና «መኪናህን ጠብቅ፣ እግዜር ይጠብቅልህ። ግን የኔ በር አብሮ የሚታይ ከሆነ፣ ልጄ ስንት ሰዓት ገባች፣ ማን ሸኛት የሚለውን የናንተ ቤት ሊያውቅ ነው ማለት ነው?» አሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ካሜራው የምስሉን የተወሰነ ክፍል በጥቁር የመሸፈን ችሎታ ስላለው የእትዬን በር ሸፈንነው። ከዚያም ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው፤ አይተው ሳቁና ቡናውን ቀዱልን።

ይህ የጉርብትና ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ የሕግም ጉዳይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ቀጣዩ አንቀጽ 28 ደግሞ ለፍርድ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግና በመሳሰሉት ምክንያቶች ብቻ በሩን ይከፍታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። በሌላ አገር ይህ ነገር እስከ ትልቁ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፍራንቲሼክ ሪኔሽ የተባለ የቼክ ዜጋ የቤቱ መስኮት በተደጋጋሚ ስለተሰበረበት ካሜራ ሰቀለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ጥቅምት ወር አንድ ሌሊት መስኮቱ በወንጭፍ ሲመታ ካሜራው ቀረጸው፤ በቀረጻውም ሁለት ተጠርጣሪዎች ተለዩ። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ግን ቀረጻው ሕጋዊ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የአገሪቱ የዳታ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ካሜራው የሕዝብ መንገድ ስለሚያይ ሪኔሽ ሕግ ተላልፏል አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 2014 በሰጠው ውሳኔ የሕዝብን መንገድ የሚያይ ካሜራ «የቤቴ የግል ጉዳይ ነው» ተብሎ ከሕጉ ሊያመልጥ እንደማይችል፣ ይሁን እንጂ ሰውዬው ንብረቱንና ቤተሰቡን የመጠበቅ መብቱም መመዘን እንዳለበት ገለጸ። የእትዬ ጥያቄና የፍርድ ቤቱ ጥያቄ አንድ ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ካሜራው በተሰቀለ በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት የቀኝ ስፖኪዮ ተሰብሮ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ወሬው ደርሷል፦ «ያው እሱ ነው!» ልጁ ባልዲውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ቀረጻውን ከፈትን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ላይ አሸዋ የጫነ የጭነት መኪና በጠባቡ መንገድ ወደ ኋላ ሲሄድ በጎኑ ስፖኪዮውን ገጭቶት ሲያልፍ ይታያል። ሾፌሩ የነቃም አይመስልም። አባቴ ልጁን ጠራው፤ ሲወቅሱት የነበሩትንም ጠራ። በእኔ ስልክ ሁሉም ተራ በተራ አዩ። ልጁ ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና «እኔማ ብናገር ማን ያምነኛል ጋሼ» አለ። አባቴ የሚመልሰው አጣ። በዚያው ቀን መኪናዋን ሰጥቶት አሳጠባት፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ። የቀድሞውን ጭረት ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ከዚያ በኋላ ግን ስሙን የሚያነሳ የለም።

ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ እውነተኛው ሌባ መጣ። ኮፍያ ያለው ሹራብ ደፍቷል፤ ከመጣበት እስከ ሄደበት አንድ ደቂቃ አልሞላም። ቀረጻውን ያዩ ሰዎች ወዲያው «ይሄ አረማመድ የእከሌ ልጅ አይደለም?» ማለት ጀመሩ። እዚህ ላይ ነው ያ የወረቀት ስሌት ዋጋ ያወጣው። በአንድ ሜትር 80 ነጥብ ሰው አይለይበትም። ደግሞ በጨለማ ካሜራው ብርሃን ፍለጋ የእያንዳንዱን ምስል ጊዜ ያረዝማል፤ በሰከንድ 1.5 ሜትር የሚራመድ ሰው በአንድ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ ውስጥ 6 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ ፊቱ ይደበዝዛል። «ሰው መሆኑን ያሳያል እንጂ ማን መሆኑን አያሳይም» ብዬ ተከራከርኩ። ቴሌግራም ላይ ልቀቀው ያለኝም ነበር፤ አባቴ «እከሌ ቢሆንስ ባይሆንስ? ባይሆን ማን ይመልስለታል?» ብሎ ከለከለ። ቀረጻው በፍላሽ ተገልብጦ ለፖሊስ ብቻ ተሰጠ።

እዚህ ላይ ሁለት ምክር ልጨምር። አንደኛ፣ የካሜራው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስክሪኑ ላይ 03፡20 የሚለው የእኛ ከሌሊቱ 9፡20 ነው። ቃል ስትሰጡ ሰዓቱንም ቀኑንም ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይራችሁ፣ ሁለቱንም ጻፉ፤ አለዚያ ቃላችሁና ቀረጻው አይገጥሙም። ሁለተኛ፣ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 1.8 ጊጋ ባይት ይበላል። 64 ጊጋ ሚሞሪ የሚይዘው 35 ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ በላዩ ላይ ይቀርጻል። «ነገ እገለብጠዋለሁ» አያዋጣም።

ታዲያ ካሜራ ሌባ ይከላከላል ወይ? ኤሪክ ፒዛ፣ ብራንደን ዌልሽ፣ ዴቪድ ፋሪንግተንና አማንዳ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት የ40 ዓመት ጥናቶችን የገመገመ ሥራ ካሜራ ባለበት ቦታ ወንጀል በአማካይ 13 በመቶ ያህል እንደቀነሰ፣ ከሁሉ የበለጠውም ቅናሽ የታየው በመኪና ማቆሚያዎች እንደሆነ ያሳያል፤ እዚያ 37 በመቶ ደርሷል። ካሜራው ብቻውን ሳይሆን ከመብራትና ከመሳሰሉት ጋር ሲሆን ውጤቱ የተሻለ መሆኑንም ይገልጻል። እኛም ይህንኑ ሞከርን። ከበሩ በላይ እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ አምፖል ሰቀልን። ስፖኪዮውን በሪቬት አሰርነው፤ መስታወቱ ላይ ታርጋ ቁጥሩን አስቀረጽን፣ የተጻፈበት መስታወት ገዢ አያገኝምና። መብራት ሲጠፋ ካሜራው እንዳይተኛ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አስደገፍነው። ለሰፈሩ ዘበኛም የሚያርፉበት ቦታ መኪናዋ ከምትታይበት ጥግ ሆነ፤ ካሜራ «ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፣ እሳቸው ግን ይጠይቃሉ። በመጨረሻም ገንዘብ ሲገኝ የእይታ ስፋቱ 30 ዲግሪ የሆነ ሁለተኛ ካሜራ ጨመርን። በ10 ሜትር ላይ የሚሸፍነው 5.4 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለአንድ ሜትር ከ350 በላይ ነጥብ ይደርሰዋል። መኪናዋን ያያል፣ የእትዬን በር አያይም።

ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎች የምለው ይህ ነው። ካሜራ ስቀሉልን የሚሉን ጎረቤቶች እየበዙ ይሄዳሉ። ስንሰቅል ሦስት ነገር በወረቀት እንጻፍ፦ በዚህ ርቀት ስንት ነጥብ ይደርሳል፣ የማን በር ይታያል፣ ቀረጻውን የሚያየው ማን ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። ሁለቱን የቀሩትን ደግሞ ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። በእኛ ሰፈር ካሜራው እስከ ዛሬ አንድም ሌባ አላስያዘም። አንድ ልጅ ግን ሥራው ላይ እንዲቆይ አድርጓል፤ ለተከፈለበት ዋጋ ይህ ብቻ ይበቃዋል ባይ ነኝ።