ቤንዚን በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ይገባል?

በ2015 መጋቢት ላይ ለአጎቴ የሰጠሁት ምክር አሁንም ሲታወሰኝ ያሳፍረኛል።

ጋሼ ነው የምላቸው። እሑድ ነበር፣ እኛ ቤት ቡና ተፈልቷል። በረካው ላይ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው የአንድ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ፎቶ አሳዩኝ። በቪትዛቸው የራይድ ሥራ ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ከዕለት ገቢያቸው ትልቁን የሚበላባቸው ቤንዚን ነው። "አንተ ኢንጂነር ነህ" አሉኝ። "ቪትዟን ሸጬ፣ ያጠራቀምኩትን ጨምሬ ይሄን ልግዛ ወይስ ልቆይ?"

ዲግሪዬ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው። እንጀራዬ ግን ኮድ መጻፍ ነው። ለቤተሰቤ ልዩነት የለውም፤ የቲቪ ሪሞት ሲበላሽም የምጠራው እኔ ነኝ። እናቴ ከጀበናው አጠገብ ሆና "እሱ ያውቃል" አለች። እኔም አወቅኩ። ስልኬን አውጥቼ ግራፍ አሳየኋቸው፦ የመኪና ባትሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፣ በ2022 ወደ 150 ዶላር ወርዷል። "ሁለት ዓመት ይቆዩ። መስመሩን ያዩታል? ቁልቁል ነው።" ጋሼ መስመሩን አዩት። ገንዘቡን ባንክ አስቀመጡ።

ባትሪው እንዳልኩት ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2024 አማካይ ዋጋው 115 ዶላር ደረሰ። ግን በመሃል ጥር 2016 ላይ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም አለ። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሐምሌ 2014 ከ50 ብር በታች የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚንም በ2017 ከ100 በላይ ሆነ። መኪናው ቻይና ላይ በዶላር ረክሷል። የጋሼ ገንዘብ ግን የተቀመጠው በብር ነው።

ስለ ባትሪ ልክ ነበርኩ። ጋሼ ግን ከሰሩ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

መስከረም 2018 ላይ፣ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 በተመረቀ በጥቂት ቀናት፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው "አሁንስ?" አሉኝ። "መብራት ሞልቷል እየተባለ ነው።" ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ። "አንድ ወር ስጡኝ" አልኩ።

ወሩን ያሳለፍኩት ሥራቸው ይሄ የሆነ ሰዎች፣ ማለትም የኃይል ዋጋ ወደፊት ወዴት እንደሚሄድ እየተነበዩ የሚኖሩት፣ እንዴት እንደሚያደርጉት በማንበብ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር አጽናናኝ፣ ትንሽ ቆይቶ አስፈራኝ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የነፋስ ኃይልን ከማንም በላይ የሚያውቁ 163 ባለሙያዎች ተጠየቁ። ጥናቱን የመሩት በአሜሪካው የሎረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ጥያቄው ከነፋስ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ወጪ በ2030 ምን ያህል ይቀንሳል የሚል ነበር። የመሃለኛው ግምት ከ24 እስከ 30 በመቶ ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ 140 ባለሙያዎች እንደገና ተጠየቁ። በዚያች አጭር ጊዜ ወጪው የ2015ቱ ሰዎች ከገመቱት እጅግ በፈጠነ ፍጥነት ወርዷል። አዲሶቹ መልስ ሰጪዎች ለ2050 የገመቱት ወጪ የቀድሞዎቹ ለዚያው ዓመት ከገመቱት በግማሽ ያነሰ ነበር። እነዚህ ሰዎች ተርባይን የሚሠሩ፣ የሚገዙ፣ የሚያጠኑ ናቸው። ቡና ላይ ግራፍ የሚያሳዩ አይደሉም።

በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለስድስት የኃይል ቴክኖሎጂዎች የባለሙያዎችን ግምትና ካለፈው ዋጋ ተነስቶ የሚያሰላ ሞዴልን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቆይቶ ከሆነው ጋር አስተያየ። ሞዴሉ በጥቅሉ የተሻለ ነበር። ግን ሁለቱም በአብዛኞቹ ላይ ለውጡን አሳንሰው ነው የገመቱት። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ባለሙያዎቹ "ከዚህ እስከዚህ" ብለው የሰጡት ስፋት ጠባብ ነበር። ሰው ብዙ ባወቀ ቁጥር "ሊሆን አይችልም" የሚለው ነገር ይበዛል መሰለኝ። እኔ ለጋሼ ስፋት እንኳን አልሰጠሁም። አንድ መስመር ነው ያሳየሁት።

ታዲያ ባለሙያን መጠየቅ ምን ይጠቅማል? ይሄን ጥያቄ ለሁለት ሳምንት ያህል ይዤው ዞርኩ። የደረስኩበት ቀላል ነው፦ ያለፈ ዋጋ የያዘ ሰንጠረዥ ጥር 2016ን ሊያውቅ አይችልም። እንዲህ ዓይነት ነገር ቀድሞ የሚሸተው ሰው ነው፣ ያውም ጉምሩክ በር ላይ የሚውል ሰው። እኔ መጋቢት 2015 ላይ አንድ መኪና አስመጪ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ስለ ባትሪ ምንም ላይነግረኝ ይችላል፤ ስለ ዶላር ግን ያስለቅሰኝ ነበር። ያጠፋሁት በባለሙያ በማመኔ አይደለም። ብቸኛው ባለሙያ እኔ በመሆኔ ነው።

እዚህ ላይ ዴልፋይ የሚባለውን ዘዴ አገኘሁ። ስሙ ከጥንቱ የግሪክ ንግርት ቤት የመጣ ነው። ልደቱ ግን ቀዝቃዛው ጦርነት ውስጥ፣ ራንድ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ነው። በ1950ዎቹ ኖርማን ዳልኪና ኦላፍ ሄልመር ሰባት ባለሙያዎችን በየግላቸው ጠየቁ፦ የአሜሪካን የጦር መሣሪያ ምርት በተወሰነ መጠን ለመቀነስ ሶቪየቶች ስንት አቶሚክ ቦምብ ያስፈልጋቸዋል? የመጀመሪያው ዙር መልስ ከ50 እስከ 5,000 ነበር። የሁሉንም ምክንያት ያለ ስም እየመለሱ በድጋሚ ሲጠይቋቸው በመጨረሻ ከ167 እስከ 360 ውስጥ ገባ። ትክክል ይሁን አይሁን ማንም አላረጋገጠም፣ ተመስገን ነው።

ከዘዴው የወደድኩት ስም አለመኖሩን ነው። እኛ አገር አምስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ "ቤንዚን ስንት ይገባል?" ብትል የሚሆነውን ታውቃለህ። ትልቁ ሰው ይናገራል፣ ሌላው "እንዳሉት ነው" ይላል። ወይም ባለ ዲግሪው ይናገራል፣ ሹፌሩ ዝም ይላል። ይሉኝታ ያለበት ቤት ውስጥ አምስት ሰው ጠይቀህ አንድ መልስ ይዘህ ትወጣለህ።

ስለዚህ የራሴን ሠራሁ። አንድ ቅዳሜ ተቀምጬ ትንሽ የቴሌግራም ቦት ጻፍኩ (በሥራዬ ያገኘሁት ብቸኛ የቤተሰብ ጥቅም)። አምስት ሰው ለመንኩ፦ በኃይል ዘርፍ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬን፣ አንድ መኪና አስመጪ፣ ባንክ ብድር ክፍል ያለች የአክስቴን ልጅ፣ የጋሼን መካኒክ፣ እና ኤሌክትሪክ መኪና እየነዳ ራይድ የሚሠራ አንድ ወጣት ሹፌር። ማን እንዳለበት አንዳቸውም አያውቁም። ጥያቄዎቹ ስለ መስከረም 2020 ናቸው፦ አንድ ሊትር ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ ስንት ይሆናል? ቤት ውስጥ ቻርጅ አድርጎ መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ብር ይፈጃል? በሳምንት ስንት ሌሊት ቻርጅ ሳታደርግ ታድራለህ? ዛሬ የተገዛ ኤሌክትሪክ መኪና ያን ጊዜ ስንት ይሸጣል?

በእያንዳንዱ ላይ መጀመሪያ ዝቅተኛውን፣ ቀጥሎ ከፍተኛውን፣ በመጨረሻ መሃሉን ጠየቅኩ። ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ ነው። መሃሉን መጀመሪያ ከጠየቅከው ሰውየው እዚያ ላይ ይተክልና ዳርቻውን ከዚያ ብዙም አያርቀውም። "ዝቅተኛ ስል ከዚያ በታች ቢሆን የምትደነግጡበትን ነው" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም አንድ መስመር፦ "ግምትህ ከተሳሳተ በምን ምክንያት ይሆናል?"

የመጀመሪያው ዙር መልስ በአራት ቀን ገባ። በቻርጅ ወጪ ላይ ሁሉም ተቀራርበዋል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት ከፍ እንዲል መወሰኑ ለመገመት ረድቷቸዋል። በቤንዚን ላይ ከሁሉ ጠባቡን ስፋት የሰጠው የኃይል ጓደኛዬ ነው፤ ሰፊውን የሰጠችው የባንኳ ልጅ። ምክንያቷ ሁለት ቃል ነበር፦ "ዶላር። ጦርነት።"

ዋናው ነገር የመጣው በመብራቱ ጥያቄ ነው። ጓደኛዬ "ዜሮ ወይም አንድ ሌሊት፣ 5,150 ሜጋ ዋት ገብቷል እኮ" ብሎ ጽፏል። ሹፌሩ "ከአንድ እስከ አራት" ብሎ፣ ምክንያቱን እንዲህ አስቀመጠ፦ "ግድቡ ሰፈሬ የሚደርሰው በትራንስፎርመሩ በኩል ነው። ግቢያችን ውስጥ አራት መኪና ማታ አብሮ ይሰካል። ባለፈው ክረምት ተቃጥሎ ስድስት ቀን ቻርጅ ለማድረግ ሌላ ሰፈር ሄጃለሁ።" ይሄን ያለ ስም ለሁሉም ላክሁት። ጓደኛዬ በሁለተኛው ዙር ግምቱን ወደ ሦስት ሌሊት ከፍ አድርጎ ከሥሩ "ይሄን የጻፈው ሰው ስርጭት ላይ የሠራ ኢንጂነር መሆን አለበት፣ ልክ ነው" አለ። ማን እንደሆነ እስካሁን አልነገርኩትም። ፊት ለፊት ቢገናኙ ኖሮ ሹፌሩ አፉን የሚከፍት አይመስለኝም፤ ጓደኛዬም የሚሰማው አይመስለኝም፣ ክፉ ሆኖ ሳይሆን።

በዴልፋይ ላይ የሚነሳ አንድ ትችት አለ፦ ሁለተኛው ዙር ሰውን ወደ መሃል ይስባል፣ መቀራረብ ደግሞ እውነት ማለት አይደለም። አየሁት። በቤንዚኑ ላይ ሦስቱ ምንም አዲስ ምክንያት ሳይሰጡ ቁጥራቸውን ወደ ጎረቤታቸው አስጠጉ። ስለዚህ ለጋሼ ሁለቱንም ዙር አቆየሁላቸው።

በአንዱ ጥያቄ ላይ ግን ማንም ንቅንቅ አላለም፣ በመሸጫው ዋጋ። አስመጪው "አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ገዝቶ የከሰረ ማን አለ?" ባይ ነው። ልክ አለው፤ እዚህ አገር ያገለገለ መኪና እንደ ወርቅ ነው የኖረው፣ አምስት ዓመት ነድተህ ከገዛህበት በላይ የሸጥክበት ጊዜ ብዙ ነው። መካኒኩ ግን በሁለተኛው ዙርም ዋጋውን እንደ አሮጌ ስልክ ጣለው፦ "ባትሪው ምንም አይሆንም። ሌላው ነገር ሲበላሽ ግን እኔ ጋ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ የምከፍትበት ኮምፒውተር የለኝም። መለዋወጫውን ደላላ ነው የሚያመጣው፣ እሱም ሲያገኝ።" እኔ ለመካኒኩ አደላለሁ። አስመጪው የሚያውቀው የቶዮታን ታሪክ ነው፤ የነፋሶቹ ባለሙያዎችም የቀደመውን ፍጥነት ነበር የሚያውቁት። ግን ማድላቴን ለጋሼ አልነገርኳቸውም። አንዴ ይበቃል።

ወረቀቱን አትሜ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። እኔ የምጠብቀው መሃሉን ቁጥር እንዲጠይቁኝ ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን የመሸጫው ዋጋ መስመር ላይ አስቀምጠው "እዚህ ላይ አልተስማሙም ማለት ነው?" አሉ።

"አልተስማሙም ጋሼ።"

"ሁለቴ ተጠይቀውም?"

"ሁለቴ።"

"እንግዲያ እሱን እኔ አልሸከምም" አሉ። በሳምንቱ ቪትዛቸውን ለአንድ ሹፌር በዕለት ገቢ አስረከቡ፤ ራሳቸው ደግሞ የሌላ ሰው ኤሌክትሪክ መኪና በገቢ ይዘው ወጡ። የቤንዚኑን ጥቅም ያገኙታል፤ የመሸጫው ዋጋ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ይሄ መንገድ መኖሩን አምስቱም አልጻፉትም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

መልሶቹ ኮምፒውተሬ ላይ በአንድ ሰንጠረዥ ተቀምጠዋል፣ መስከረም 1 ቀን 2020 ይከፈታል። ባለፈው ጋሼ ቻርጅ ማድረጊያ ወረፋ ላይ ሆነው ደወሉልኝ። "ስድስተኛ አድርገህ እኔንም ጻፈኝ፣ ቤንዚኑ ላይ" አሉ። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ነገሩኝ። ከሁሉም ሰፊው የሳቸው ነው።

"መሃሉስ?" አልኳቸው።

"መሃሉን እናንተ ታውቃላችሁ" ብለው ተራቸው ደርሶ ዘጉት።