የእናት ሐረግ

ሰው የዘር ሐረጉን ሲቆጥር በአባቱ በኩል ወደ ላይ መውጣት ይቀናዋል። የስማችን አጻጻፍ ራሱ የሚመራን ወደዚያ ነው፤ ከእያንዳንዳችሁ ስም ቀጥሎ የአባታችሁ፣ ከዚያም የአያታችሁ ስም ይጻፋልና። መምህር በነበርሁበት ዘመን ተማሪዎቼ የትውልድ ሐረጋቸውን እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። በአባት በኩል እስከ ሰባት ቤት የቆጠሩ ብዙዎች ነበሩ። የእናታቸውን እናት፣ የእርሷንም እናት ስም እንዲጽፉ በጠየቅኋቸው ጊዜ ግን ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም ብዕራቸውን አኖሩ።

ይሁን እንጂ ከስም ዝርዝር የጠፋችው ያች ሴት ከልጅ ልጆቿ ሰውነት አልጠፋችም። ሰውነታችን ከሕዋሳት የተሠራ መሆኑን በሳይንስ ትምህርት ተምራችኋል። በሕዋሳቱ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ደቃቅ ክፍሎች አሉ። እነዚህ ለሕዋሱ እንደ ምድጃ ናቸው፤ ከምንበላው ምግብና ከምንተነፍሰው ኦክሲጅን ኃይል ያመነጫሉ። የዘር ውርስን የሚሸከመው ዲኤንኤ አብዛኛው የሚገኘው በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ሲሆን፣ እርሱም ከእናትም ከአባትም የተውጣጣ ነው። ማይቶኮንድሪያ ግን የራሳቸው የሆነ ትንሽ ዲኤንኤ አላቸው። በ1981 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የነበሩ ሊቃውንት ይህን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። 16,569 ፊደላትና 37 ጂኖች ያሉት ሆኖም ተገኘ።

ፕሮፌሰር ዳግላስ ዋላስ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ውርስ ሊቅ ዕድሜያቸውን ለዚህ ትንሽ ጽሑፍ ሰጥተዋል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1980 የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በሰው ዘንድ ከእናት እንደሚወረስ አሳዩ። የእናት እንቁላል ማይቶኮንድሪያዎችን በብዛት ይይዛል፤ ከአባት በኩል የሚመጡት ጥቂቶቹ ግን ከፅንስ በኋላ ይጠፋሉ። ስለዚህ ወንድ ልጅ ከእናቱ የተቀበለውን ይዞ ይኖራል እንጂ ለልጆቹ አያወርስም። ሴት ልጅ ግን ተቀብላ ታስተላልፋለች።

አሁን የጥንቱን ቁም ጸሐፊ አስቡ። ብራና ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢስት፣ ያች ስሕተት ከእርሱ ቅጂ በሚቀዱት መጻሕፍት ሁሉ ትገኛለች። ሁለት መጻሕፍት ተመሳሳይ ስሕተት ቢኖራቸው ምንጫቸው አንድ እንደሆነ ይገመታል። በማይቶኮንድሪያ ጽሑፍም ከብዙ ዘመን አንድ ጊዜ ፊደል ይለወጣል፤ ለውጡም በእናት ሐረግ ይወርዳል። ሬቤካ ካን፣ ማርክ ስቶንኪንግና አላን ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ ከልዩ ልዩ አህጉር ትውልድ የሆኑ የ147 ሰዎችን ዲኤንኤ አነጻጽረው ውጤቱን በ1987 አሳተሙ። አብዛኛውን ናሙና ያገኙት ከእንግዴ ልጅ ነበር። የሁሉም የእናት ሐረግ የሚገናኘው ከ200,000 ዓመት ገደማ በፊት በአፍሪካ በኖረች አንዲት ሴት ዘንድ እንደሆነ ገመቱ። ያች ሴት በዘመኗ ብቻዋን የነበረች አይደለችም፤ የሌሎቹ የእናት ሐረግ በመካከል ሴት ልጅ በመጥፋቷ ሲቋረጥ የእርሷ ሳይቋረጥ ቆየ እንጂ። ዋላስና ባልደረቦቻቸውም ይህንኑ መንገድ ተከትለው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የእናት ሐረግ ከእስያ የመነጨ መሆኑን አሳይተዋል።

ይኸው ጽሑፍ የሕመምንም ምክንያት ይገልጣል። ቴዎዶር ሌበር የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1871 በቤተሰብ የሚተላለፍ አንድ የዓይን ነርቭ ሕመም ገለጸ። ሕመሙ በብዛት የሚይዘው ወጣት ወንዶችን ነው። ምንም ሥቃይ ሳይሰማቸው የአንድ ዓይናቸው ብርሃን ይደክማል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሁለተኛው ይከተላል። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ምክንያቱ ሳይታወቅ ከቆየ በኋላ፣ በ1988 ዋላስና ባልደረቦቻቸው በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ላይ የአንዲት ፊደል መለወጥ ለዚህ ሕመም መነሻ እንደሚሆን አረጋገጡ። ከ16,569 ፊደላት አንዷ ብቻ!

አስተምርበት በነበረው አገር በአንድ ቤት የሁለት ወንድማማቾች ዓይን ጠፍቶ ነበር። ሕመማቸው በሐኪም አልተመረመረምና ይህኛው ነበር አልልም። ጎረቤቱ ግን «የእናታቸው ዘር ያመጣው ነው» እያለ ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቲቱም ገበያ ስትወጣ አንገቷን ደፍታ ነበር።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ሳይንስም ከእናት ይወረሳል ካለ፣ ጎረቤቶቹ ምን አጠፉ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ይህ ነው፤ ጥፋት የሚባለው ሰው እያወቀ፣ መርጦ የሚያደርገው ነው። እናት የተለወጠችውን ፊደል አልጻፈቻትም፤ ከእናቷ ተቀበለቻት እንጂ። ብዙውን ጊዜም እርሷ ራሷ ስላልታመመች መኖሯን እንኳ አታውቅም። ደግሞም ልጆቿ የሚሮጡበትን፣ የሚማሩበትንና የሚስቁበትን ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች ከእርሷ የመጡ ናቸው። ከየት እንደ መጣ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መውቀስ ሌላ ነገር ነው።

ማወቅ መፍትሔን ያስፈልጋል፤ ወቀሳ ግን ሕመምን ያስደብቃል። በብሪታንያ በ2015 የወጣ ደንብ በማይቶኮንድሪያ የሚተላለፍ ከባድ ሕመም ላለባቸው ቤተሰቦች ሐኪሞች ከሌላ ሴት እንቁላል በተገኘ ጤነኛ ማይቶኮንድሪያ እንዲረዷቸው ፈቀደ። በ2025 የኒውካስል ሐኪሞች በዚህ ዘዴ ስምንት ሕፃናት መወለዳቸውን አስታወቁ። እነዚህ እናቶች ሕመማቸውን በኀፍረት ሸሽገውት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተደረገ ነበር።

እንግዲህ ስለ ዘር ሲወራ በምትሰሙበት ጊዜ ንግግሩን መዝኑት። ሰውን ለማከም የሚረዳ ከሆነ አድምጡ፤ ተማሩበትም። አንዲትን እናት አንገት ለማስደፋት የተነገረ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ የተማራችሁትን ተናገሩ።