ለተሳለ ሰው ለቅሶ

ለተሳለ ሰው ለቅሶ አይደረስም። አስከሬኑ ቀለም ነው፤ ገጹ ወደ ኋላ ቢገለጥም ሟቹ አሁንም በሕይወት አለ። ያም ሆኖ «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የተሰኘው አሜሪካዊ ሥዕላዊ ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2019 ሲታተም፣ አንባቢዎቹ በመጽሔቱ የደብዳቤ ገጽ ላይ ሐዘናቸውን ሲገልጡ፣ ደራሲውንም ሲወቅሱ ኖረዋል።

ታሪኩን የጻፈው ሮበርት ከርክማን ነው። የመጀመሪያዎቹን 6 ዕትሞች ቶኒ ሙር፣ የቀሩትን እስከ 193ኛው ድረስ ቻርሊ አድላርድ ሥለዋል። ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን የሚበሉበት ዓለም ስለሆነ በዚያ ሞት እንግዳ አይደለም። አንባቢን ያከራከረው የሞቱ አግባብ ነበር።

ክርክሩ ከሁሉ የበረታው በ2012 በወጣው 100ኛ ዕትም ነው። ኒጋን የተባለው ሽፍታ ምርኮኞቹን አንበርክኮ በልጆች የዕጣ ቆጠራ አንዱን መረጠ፤ በእሾሃማ ሽቦ በተጠመጠመ የቤዝቦል ዱላም ግሌንን ቀጥቅጦ ገደለው። (ዱላውን የጠራው በሟች ሚስቱ ስም ነው።) ግሌን ከመሞቱ በፊት የተጣራው ነፍሰ ጡር ሚስቱን ማጊን ነበር። ከፊሎቹ «ለድፍን ቁጥር የቀረበ መሥዋዕት» ሲሉ አማረሩ። ሌሎቹ ደግሞ በዚያ ዓለም ደግ ሰው ያለ ምክንያት መሞቱ እውነተኛነቱ ነው ብለው ተሟገቱ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ዳሩ ግን ያ ትዕይንት ከሟቹ ይልቅ ለገዳዩ ብዙ ቦታ መስጠቱ አይካድም።

በ48ኛው ዕትም የሎሪ ሞት ከዚህ ይለያል። ሕፃኗን ጁዲትን ታቅፋ ስትሸሽ ከኋላ ተተኮሰባት፤ እናትና ልጅ አብረው ወደቁ። ተኳሿ በአዛዧ ትእዛዝ የተኮሰች ሴት ነበረች። ቀርባ ከሎሪ ሥር ሕፃኗን ባየች ጊዜ አዛዧን ራሱን ገደለችው። ስለዚያ ገጽ የሚነጋገር አንባቢ ስለ ጭካኔው ብዙ አይናገርም። የሚያነሣው የዚያችን ሴት ፊት ነው።

በ2017 የሞተችው አንድሪያ ግን ጊዜ ተሰጣት። ተነክሳ ስታጣጥር ወዳጆቿ ተራ በተራ ገብተው ተሰናበቷት። እንዲህ ያለ ሞት አንባቢን ያስለቅሰዋል እንጂ አያስቆጣውም።

የቴሌቪዥኑ ተከታታይ ድራማ ደግሞ ነገሩን አወሳሰበው። ካርል በድራማው በ2018 ሲሞት በሥዕሉ ኖሯል፤ ሶፊያም እንዲሁ በድራማው ሞታ፣ በሥዕሉ አድጋ ካርልን አግብታለች። ስለዚህ ሁለት ወዳጆች ስለ ሟች ከመነጋገራቸው በፊት የትኛውን ሟች እንደሚያዝኑለት መተዋወቅ ነበረባቸው።

መጨረሻው ሳይነገር መጣ፤ ከርክማን ለማስመሰል የማይወጡ ዕትሞችን የሽፋን ሥዕል ሳይቀር አስነግሮ ነበር። በ193ኛው ዕትም ሰላም ሰፍኗል፤ በድኖቹም በገንዘብ የሚታዩ ትርኢት ሆነዋል። ካርል ግን ያገኛቸውን ገደላቸው፤ በዚህም ለፍርድ ቀረበ። የትርኢቱ ባለቤት ኸርሸል ነው፤ ግሌን ሳያየው የሞተው ልጅ።