ጥንቸሏ አገጯን ለምን ታሻለች?

ለሽቶ የሚፈለገውን ዝባድ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ጥርኝ ግን በየግንዱና በየድንጋዩ ላይ እየተሻሸ የሚተወው ለእኛ ብሎ ሳይሆን መኖሩን ለመሰሎቹ ለማሳወቅ ነው።

ይህን ያስታወሰችኝ እዚህ ቤቴል ልጆቼ የሚያሳድጓት ጥንቸል ናት። ከሳጥኗ በወጣች ቁጥር አገጯን በበርጩማው እግር፣ በጫማችንና በበሩ ጠርዝ ላይ ታሻለች። ጎረቤቶች «እከክ ይዟታል፤ ልጆቹ ላይ ሳይጋባ አስወግዷት» ሲሉ ትንሿ ልጄ አለቀሰች።

ነገሩ ግን በሽታ አይደለም። ጥንቸል ከአገጯ ሥር ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏት። ሽታው ለእኛ አፍንጫ አይታወቅም፤ ለሌላ ጥንቸል ግን «ይህ የእኔ ነው» ማለት ነው። ወንዱ ደግሞ ለመራባት ሲደርስ ሽንቱን ሊረጭ ስለሚችል መስገጃችሁን ከአጠገቡ አርቁ።

ሳጥኗን ስታጸዱ ከአሮጌው ደረቅ ሣር ጥቂት ተዉላት። የራሷን ሽታ ካጣች እንደገና ለማመልከት ትጣደፋለችና።

ሆኖም አገጯ በምራቅ ከራሰ የጥርስ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሰውነቷን አብዝታ ካከከች፣ ፀጉሯ ከተመለጠ ወይም መብላት ካቆመች ሳትዘገዩ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩአት። አገጯ ደረቅ ሆኖ በደንብ የምትበላና የምትቦርቅ ከሆነ ግን ተዉአት፤ ትሽ።

እንስሳ አደራ ነው። «ታመመ፣ ይወገድ» ከማለታችን በፊት ጠባዩን እንወቅ፤ ለልጆቻችንም እናስተምር። አላህ ለእያንዳንዱ ፍጡር የሚግባባበትን መንገድ ሰጥቶታል።